ብሎኑን ከመምረጥሽ በፊት

እስቲ ስልኩን ወደኔ ዘንበል አድርጊው፣ እህትዓለም። ራጁን ልየው። አየሁት፤ ወገብሽ ላይ ወደ ግራ ይሄድና ከበላዩ ደግሞ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ሐኪሙ 58 ዲግሪ ያለሽ ይህን ጥመት ለክቶ ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ግን ዲግሪው አይደለም፤ «ብረቱ እስከ ዳሌ ይወርዳል» ማለቱ ነው። አውቀዋለሁ። እኔም ያንኑ ቃል በ52 ዓመቴ ስሰማ የሐኪሙን እጅ ይዤ «ዳሌዬን ተዉልኝ» ብዬ አልቅሻለሁ።

ሐኪሙ ልመናዬን ሰማ። ብረቱ ከዳሌ በላይ ቆመ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጀርባዬ ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዘንጉ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን፣ ያውም ከፊተኛው የከበደ፣ ያውም እስከ ዳሌ። የምመክርሽ እንግዲህ ሁለቱንም አይቼ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የዚህ ነገር ሥር እዚህ ታች ነው፣ ጣቴን ተከተዪ። ወገብሽ አምስት አንጓ አለው። የመጨረሻው፣ ኤል 5 የሚሉት፣ ሳክረም በሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ላይ ተቀምጧል። ሳክረሙ ደግሞ በግራና በቀኝ የዳሌ አጥንቶች መካከል ተሰክቷል። ጥመቱ ሲቀና ከደረትሽ ሥር ጀምሮ ያሉት አንጓዎች በዘንግና በብሎን ተይዘው አንድ አጥንት እንዲሆኑ ይደረጋል። ድንጋይ የሚፈነቅል ድጅኖ አይተሻል አይደል? በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይበረታል። ያ ረጅም የተያያዘ አከርካሪም እንደዚያ ነው፤ በተቀመጥሽ በተነሳሽ ቁጥር ጉልበቱን ሁሉ የሚያሳርፈው ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ሳክረም ውስጡ ስስ፣ እንደ ሰፍነግ ነው፤ እዚያ የሚገባው ብሎንም አጭር ነው። ብቻውን ሲሸከም ሊላላ ይችላል፤ አጥንቱ ሳይያያዝ ይቀራል፣ ዘንጉም ይደክምና ይሰበራል። ወደ ዳሌ አጥንት የሚገባው ረጅም ብሎን ያን ሸክም ለመጋራት የተጨመረ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «የትኛው ብሎን?» አይሁን። «የግድ እስከ ዳሌ መውረድ አለበት ወይ? ለምን?» በዪው። ከኤል 5 በታች ያለው ዲስክ ደህና ከሆነ፣ አንጓው ካላዘነበለ፣ ቆመሽም ሚዛንሽ ካልተዛባ፣ እዚያ ማቆም የሚቻልበት ጊዜ አለ። ዋጋው ግን አለው፤ ያ የቀረው አንድ ዲስክ የወገብሽን እንቅስቃሴ ሁሉ ብቻውን ይሸከማል፤ ካረጀ ተመልሶ መከፈት ይመጣል። ሐኪሙ ራጅሽ ላይ እያሳየ ምክንያቱን ካስረዳሽ፣ እንደኔ በእንባ አታስቀይሪው።

አሁን ወደ ብሎኑ። ቀድሞ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ውስጥ በጋልቨስተን የተጀመረው ዘዴ ዘንጉን ራሱን አጥፎ ዳሌ አጥንት ውስጥ መስደድ ነበር። ዛሬ በብዛት የምትሰሚው ሁለት ስም ነው። አንደኛው ኢሊያክ ብሎን ነው። እጅሽን አምጪ፣ ከወገቤ በታች እዚህ ጋ ዳስሺው። ተሰማሽ? የብሎኑ ራስ ነው። ከኋላው የዳሌ ጉብታ ስለሚገባ ለቆዳ ይቀርባል፤ እንደኔ ሥጋ የሌላት ሴት ጠንካራ ወንበር ላይ ስትደገፍ ይቆረቁራታል። ከዋናው ዘንግ ወደ ጎን ስለሚርቅም ብዙ ጊዜ መያያዣ ብረት ይጨመርለታል። ነገር ግን ብዙ ዘመን የተሠራበት፣ ብርቱ ብሎን ነው፤ የኔን የያዘልኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ኤስ ቱ ኤ አይ የሚሉት ነው። ከቤትሽ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ያሳደጉት ዘዴ ነው። ከሳክረሙ ይነሳና በመጋጠሚያው አልፎ ዳሌ አጥንት ውስጥ ይገባል። መግቢያው ከኢሊያኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጠለቅ ስለሚል ራሱ ብዙም አይቆረቁርም፤ ከዘንጉም ጋር በአንድ መስመር ይገጥማል። በሌላ በኩል የሳክረምና የዳሌን መጋጠሚያ አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ያ መጋጠሚያ ከአሁኑ የሚያምሽ ከሆነ አትደብቂው። ቀጭን ስለሆንሽ ይህን ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። ነገር ግን ሐኪምሽ እጁ የለመደው ሌላው ከሆነ፣ በለመደው እጅ መሠራት ይሻላል። «በዓመት ስንት ትሠራለህ? ብሎኑ አጥንት ውስጥ መሆኑን በምን ታረጋግጣለህ?» በዪው። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭና የደም ሥሮች ከመንገዱ ሥር ስለሆኑ፣ ይህ ጥያቄ ነውር የለውም።

ሐኪሙ የማይጠይቅሽን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ቀኑን ሙሉ የምትታጠፊው ስንት ጊዜ ነው? እስከ ዳሌ ከተያያዘ ወገብሽ አይታጠፍም፤ የሚቀርልሽ የጭንሽ መጋጠሚያና ጉልበትሽ ነው። እነሱ ብዙ ይሠሩልሻል። ግን ካልሲ ማጥለቅ፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ግንባር ምድር እስኪነካ መስገድ፣ እህትዓለም፣ መጸዳጃ ቤት ራስን ማጽዳት እንኳ እንደገና የሚለመድ ነገር ነው። የኔ ረከቦት ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስግደቱን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው በቆምኩበት ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ዘርዝሪለት፤ ወገብሽን በምን ያህል ኩርባ እንደሚያጸናው ሲወስን፣ የምትኖሪውን ኑሮ አይቶ ይሁን። ጭንሽ የሚያምሽ ወይም ሰው ሠራሽ መጋጠሚያ የገባልሽ ከሆነም ተናገሪ፤ ወገብ ሲጸና እዚያ ላይ የሚያርፈው ይጨምራል።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ከከበደሽ ልጅሽን አታስተርጉሚ። አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት መብትሽ ነው፤ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። የመጸዳጃ ቤቱን ነገር በልጅሽ አፍ አትናገሪውም፣ ዋናው ነገር ይቀራል።

እስከዚያው ሰውነትሽን አዘጋጂ። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ፣ ዴክሳ የሚሉትን፣ ጠይቂ፤ የሳሳ አጥንት የትኛውንም ብሎን አጥብቆ አይዝም፣ ቀድሞ ሊታከም ግን ይችላል። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ይቁም፤ አጥንት እንዳይያያዝ ያደርጋል። ቀጠሮሽ ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አማክሪ። ቁስል የሚሽረው በምግብ ነው።

ከሆስፒታል ስትወጪ ማገገሙ ወራት ይፈጃል፣ አጥንቱ እስኪያያዝም ዓመት ገደማ። ይህን ለቤተሰቡ ከአሁኑ ንገሪ፣ በኋላ «ገና አልዳንሽም?» እንዳይሉሽ።

ለመወሰን አትቸኩዪ። አንድ ሙሉ ቀን ወገብሽን ሳታጥፊ ዋዪ፤ ከአልጋ በጎንሽ ተንከባለዪና ተነሺ፣ የወደቀ ነገር በጉልበትሽ ዝቅ ብለሽ አንሺ፣ ያቃተሽን ሁሉ ጻፊ። ያን ወረቀት ይዘሽ ሐኪሙ ዘንድ ግቢ።

በይ አሁን ስልኩን አስቀምጪው። ጀበናው ወጥቷል። ወገብሽን ሳታጥፊ ነይና ቅጂልኝ፤ አጠገብሽ ነኝ፣ እያየሁሽ ነው።