በክረምት የተተከለው በጥር ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምንገኝ የአንድ ዕድር አባላት የሰፈራችንን መናፈሻ በፈቃደኝነት እንንከባከባለን። በሐምሌ የተከልናቸው የወይራና የጽድ ችግኞች እስከ ኅዳር አምረው ነበር፤ በጥር ግን ብዙዎቹ ደረቁ። በየማለዳው ውኃ እናርከፈክፋለን። ምን አጎደልን?
የዕድሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ለተከላ ብዙ ሰው ይወጣል፤ በበጋ ጄሪካን ተሸክሞ የሚመጣው ግን ጥቂት ነውና ጥረታችሁን ከልብ አደንቃለሁ።

ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ችግሩ ያለው ውኃ አሰጣጡ ላይ ይመስለኛል። በየቀኑ የሚርከፈከፍ ውኃ የላይኛውን አፈር ብቻ ያረጥባል፤ ሥሩም እርጥበቱን ተከትሎ ከላይ ይቀርና ፀሐዩ ሲበረታ ይጠወልጋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ 10 ሊትር ያህል ቀስ አድርጋችሁ አጠጡ። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ለሁለት ይበቃል። ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሱት፤ እንዳያበሰብሰው ግን ግንዱን አይንካ።

ከደረቁት አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ችግኙ የነበረበት ፕላስቲክ ሳይወልቅ ተተክሎ ከሆነ ወይም ሥሩ እንደተጠቀለለ ከቀረ፣ ውኃ ብቻውን አያድነውም፤ ለቀጣዩ ክረምት ተከላውን ራሱ ማረም ያስፈልጋል።

ዕድራችሁ የአባላት መዝገብ ስላለው፣ ለየቤቱ እንዲንከባከባቸው ሁለት ሁለት ችግኝ በስም ብትመድቡ ከዘመቻ ይልቅ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ቅጠሉ ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ግንዱ ከተቦረቦረ፣ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ለግብርና ባለሙያ አሳዩ። ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠጋ ቅርንጫፍ ካለም እባካችሁ ራሳችሁ አትቁረጡት፤ ለመብራት ኃይል አመልክቱ።