ታማኝነታችሁ መዝገብ ይኑረው

ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ቱላ ላይ ወርዶ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በእጅ የተጻፈ «ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን ሊሆን ይችላል። ከመደርደሪያው ሥር ግን ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተር አለ። «ዱቤ የለም» የተባለው ለማን እንደሆነ የሚያውቀው ደብተሩ ነው። ስም፣ ቀን፣ «ግማሽ ሊትር ዘይት»፣ «2 ሳሙና»፣ ከጎኑ ብሩ። የከፈለው ይሰረዝለታል፤ ያልከፈለው ገጹ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ባለሱቋ ማን በደመወዝ ማግስት ብቅ እንደሚል፣ ማን ደግሞ ሱቋን ላለማየት በጓሮ በኩል ዞሮ እንደሚሄድ አንድ በአንድ ታውቃለች።

ባንኮች የብድር ታሪክ የሚሉት ከዚህ ደብተር ብዙም የተለየ ነገር አይደለም። እና ደስ የሚለው፣ በዚህ መለኪያ ጥሩ ታሪክ ያላቸው ሰዎች እኛ ዘንድ ሞልተዋል። ለዓመታት አንድም ዙር ሳያዛንፉ ዕቁብ የጣሉ አሉ። «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ሰምተው ያደጉ፣ ዱቤ ሳይከፍሉ የሚያድሩባት ሌሊት የምትረዝምባቸው አሉ። ይህ ሁሉ ታማኝነት ግን ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም። ሰውየው ባንክ ሲገባ የሚጠየቀው «ማስያዣ አለህ?» ተብሎ ነው። ቤት የለ፣ መኪና የለ፣ ታሪኩ ደግሞ ቱላ ሱቅ ውስጥ ደብተር ላይ ቀርቷል። ባንኩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አያውቀውም። እንግዲያው እንዲያውቃችሁ አድርጉ! ዛሬ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ቀላል ሆኗል።

ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የገባ ወገናችን ይህን ትምህርት ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ያገኘዋል። አገሩ ላይ በቃሉ የታወቀ ሰው እዚያ ከዜሮ ይጀምራል፤ ቤት ሊከራይ ሲሄድ «ክሬዲትህ ስንት ነው?» ይሉታል። ቀድመው የሄዱት የሚሰጡት ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ማስያዣ ያለው ክሬዲት ካርድ አውጣ። ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዶላር ባንኩ ዘንድ ታስቀምጣለህ፣ በዚያው መጠን የምትበደርበት ካርድ ይሰጥሃል። ቤንዚን ብቻ ትቀዳበታለህ፤ ሒሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ትከፍላለህ። «ቢያንስ ይህን ያህል ክፈል» ተብሎ በምትጻፈው ትንሽ ቁጥር አትታለል፤ ወለዱ የሚራባው የቀረው ላይ ነው።

ፋይኮ የተባለውና ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራበት የቆየው የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ 35 በመቶውን የሚሰጠው በቀኑ ለሚከፍል ነው። 30 በመቶው ሰውየው ባለበት ዕዳ ላይ፣ በተለይም ከተፈቀደለት ጣሪያ ምን ያህሉን እንደተጠቀመ ይመለከታል። 15 በመቶው የታሪኩ ዕድሜ ነው፤ የቀረው ለጥቃቅን ነገሮች ይከፋፈላል። ስንት ታገኛለህ የሚል ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም። ሐኪሙ ሊወድቅ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ልትበልጠው ትችላለች። እኔን ከዚህ ዘዴ ሁሉ የሚያስደስተኝ ይኼ ነው፤ ዲሲፕሊን ያለው ሰው ሀብታም እስኪሆን መጠበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ገንዘብ የሚያወጣልን እንጂ የሚያበድረን አይደለም። ስለዚህ ለቱላ ሰው ቀድሞ የደረሰው ካርድ ሳይሆን ስልክ ነው። ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን አመጣ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ»ን ይዞ ያለ ቤትና ያለ መኪና ማስያዣ ለትናንሽ ነጋዴዎች ማበደር ጀመረ። እነዚህ አገልግሎቶች ካርታ አይጠይቁም፤ የሚያዩት አጠቃቀማችሁን ነው። ገንዘብ ይገባል? ይወጣል? ያለፈው ብድር በቀኑ ተመለሰ? ደብተሩ ወደ ስልካችሁ ገብቷል ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? አቮካዶ በጅምላ ገዝታ የምትቸረችር አንዲት እህት እናስብ። 1,000 ብር ተበደረች፣ የአገልግሎት ክፍያው 40 ብር ነው እንበል። ዕቃው በሳምንት ውስጥ ተሸጦ 200 ብር ካተረፈላት 40ውን ከፍላ 160 ይቀራታል። ይህ ብድር ሠርቷል። በዚያው 1,000 ብር ለልደት ኬክ ብትገዛ ግን 40ው ብር ከምን ይመጣል? ከሚቀጥለው ሳምንት አስቤዛ ነው። እኔ ደስታን አልቃወምም፤ ኬክ በተጠራቀመ ገንዘብ ሲገዛ ይበልጥ ይጣፍጣል።

እህታችን ሌላም ብልሃት አላት። ስልኩ 3,000 ብር ፈቅጃለሁ ቢላትም የምትወስደው 1,000 ነው። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ሐሙስ ትመልሳለች፤ ዓርብ ኔትወርክ ሊጠፋ፣ ገበያ ሊቀዘቅዝ ይችላላ! የሽያጭ ገንዘቧንም ሁሉ በመቀነቷ አትቋጥርም፤ ደንበኞቿ በስልክ እንዲከፍሏት ትጠይቃለች፣ ምክንያቱም በመቀነት ያለፈ ብር ለባንክ ዓይን አይታይም። አንዱን ብድር ለመክፈል ከሌላ መተግበሪያ አትበደርም። ወንድሟ «በስልክሽ አንድ ጊዜ ብቻ ልበደርበት» ቢላት በፍቅር እምቢ ትለዋለች፤ ገንዘቡ የእሱ፣ ታሪኩ የእሷ ይሆናላ።

የቱላ ገበሬ እንሰት ተክሎ በዓመቱ ቆጮ አይጠብቅም። ችግኙን ያዛውራል፣ ፍግ ያለብሳል፣ ዓመታትም ይታገሣል። የብድር ታሪክም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዋ ትንሽ ብድር ሱቅ አትከፍትላችሁም፣ ሁለተኛዋም አትከፍትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ የመለሰ ሰው ግን ለአበዳሪው እንግዳ አይደለም።

ይህ ሁሉ የስልክ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ የሚሰባሰብበት ማዕከል አለው፤ ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የተበዳሪውን መዝገብ ያያሉ። በአንዱ ባንክ የተበላሸ ብድር ሌላው ዘንድ ይታያል ማለት ነው። በጎውም ጎን አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ማሽንና የእርሻ ምርት ጭምር ለብድር ዋስትና መሆን ይችላሉ። ቤት የሌለው ሁሉ ማስያዣ የሌለው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ደግሞ መዝገቡን ከሲም ካርድ ይልቅ ከሰውየው ጋር ለማያያዝ ያግዛል። ፋይዳ ያላወጣችሁ አውጡ፤ በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም የምትጠቀሙም በስማችሁ አዙሩት። ላባችሁ በሰው ስም አይመዝገብ።

በቡድን ዋስትና ከማይክሮ ፋይናንስ የተበደረ ሰው የአንዱ መዝረክረክ ለሁሉም እንደሚተርፍ በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ዋስ ሁኑ ሲሏችሁ ሰውየውን ሳይሆን አከፋፈሉን አስታውሱ። ዕቁብ ሲጣል አርፍዶ የሚመጣ፣ ዳኛው ስልክ ሲደውልለት የማያነሳ ከሆነ፣ አጎታችሁም ቢሆን «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ዋስ አልሆንም» በሉ። ቅር ቢለውም በቡናው ይረሳል፤ ውዝፉ ግን አይረሳም።

ቀን ያለፈባችሁ ብድር ካለ ስልክ አጥፍታችሁ አትደበቁ። ቅርንጫፉ ሂዱና እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚከፈል ጠይቁ፤ አበዳሪ ከሚሸሽ ተበዳሪ ይልቅ ፊት ለፊት መጥቶ የሚነጋገረውን ይመርጣል። የባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ብድር ከፍላችሁ ስትጨርሱ ደግሞ እፎይ ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ፣ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዚያው አንብቡ፣ ፎቶ አንሡት፣ ከዚያም ዋስ የሆናችሁን ሰው ጠርታችሁ አንድ ቅጂ ስጡት። ለሚቀጥለው፣ ለትልቁ ብድር ዋስ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትሄዱት እሱ ዘንድ ነው።