ስለ ሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና

በቋንቋችን ሐሞት የድፍረት ስም ነው፤ ወኔ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን። ስለዚህ ሐኪም፣ ሕመም ባመጣ ጠጠር ምክንያት «ከረጢቱ ይውጣ» ሲል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ቀጠሮውንም ያራዝማል። ነገር ግን ጠጠሩ የሐሞትን መንገድ ከዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ብርቱ ትኩሳትም ይከተላል።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ቢወጣም ሐሞት በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳልና ሰው ያለ እርሱ ይኖራል። ይህም ላንገንቡኽ የተባለው ሐኪም በ1882 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በበርሊን ከረጢቱን ካወጣ ወዲህ የታወቀ ነው።

ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ ይሠራል። በሽተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንትም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ሆዱ በሰፊው ከተከፈተ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልገዋል። ሆድ በጋዝ ስለሚነፋ ትከሻ ለጥቂት ቀን ሊያም ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅቤ የበዛበትን ወጥ መቀነስ፣ በዝግታ መራመድ፣ ከባድ ዕቃ አለማንሣት ይገባል።

ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም ከቁስሉ መግል ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ይህንን ለወላጆቻችን ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።