የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ አመራረጥ

ምንባብ

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ነው። ስሟም «ቀዝቃዛ ውኃ» የሚል ትርጉም ካለው የማሳይ ቋንቋ አነጋገር የተወሰደ ነው። ይሁን እንጂ ስሟን ከውኃ ያገኘችው ይህች ከተማ የውኃ እጥረት የሚያስቸግራት ሆናለች። ከአበርዴር ተራሮች በኩል የሚመጣውን ውኃ የሚያጠራቅመው የንዳካይኒ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጠናቆ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንዲይዝ ቢደረግም፣ የነዋሪው ቍጥር ከአቅርቦቱ ቀድሞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ድርቅ በደረሰ ጊዜም ውኃን በፈረቃ ማደል ግድ ሆነ።

በዚህችው ከተማ ግቢያቸው ሰፊ የሆነ አንዳንድ ቤተሰቦች ከመሬት በላይ የሚተከል የመዋኛ ገንዳ ያቆማሉ። ይህ ዓይነቱ ገንዳ ጉድጓድ ሳይቆፈር ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ግድግዳ ተገጣጥሞ የሚሠራ፣ ውስጡም ውኃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ የሚለበጥ ነው። የቆመ ውኃ ቶሎ ስለሚበላሽ ገንዳው ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ውኃውን ከገንዳው ይስባል፤ በማጣሪያ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከዚያም ወደ ገንዳው ይመልሳል። እንግዲህ ጥያቄው የትኛውን ፓምፕ እንግዛ የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ይገዛል። ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ያለው ሞተር መግዛት ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። ዕዳው የሚከፈለው በየወሩ በሚመጣው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ነው።

በመጀመሪያ የውኃውን መጠን ማወቅ ይገባል። ለምሳሌ የገንዳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 4.6 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.2 ሜትር ቢሆን፣ የሚይዘው ውኃ 20 ሜትር ኩብ ወይም 20,000 ሊትር ያህል ነው። ለቤተሰብ መዋኛ ይህ ውኃ በሙሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ በማጣሪያው እንዲያልፍ ይፈለጋል። ስለዚህ ፓምፑ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ቢገፋ ሥራው በ4 ሰዓት ይፈጸማል። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ቢገፋ ደግሞ በ2 ሰዓት ያልቃል። ታዲያ ፈጣኑ የተሻለ አይደለምን? አይደለም፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ውኃን በማሽከርከር የሚገፋ ፓምፕ የሚመራበት ሕግ አለ። የመሽከርከር ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ፣ የሚገፋው ውኃ መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ዝቅ ይላል። ያንኑ ውኃ ለማሳለፍ ጊዜው እጥፍ ቢሆንም፣ በጠቅላላው የሚጠፋው ኃይል አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በሒሳብ ይረጋገጣል።

ይህን በቍጥር እንየው። 1,000 ዋት የሚወስድና በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ አለ እንበል። ባለቤቱ በልማድ በቀን 8 ሰዓት ቢያሠራው 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ውኃውም ሳያስፈልግ አራት ጊዜ በማጣሪያው ይመላለሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስ በሕጉ መሠረት 125 ዋት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩ ራሱ የሚያባክነው ኃይል ስላለ በተግባር 250 ዋት ይወስዳል እንበል። በ4 ሰዓት ውስጥ ውኃውን በሙሉ አንድ ጊዜ አሳልፎ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይጨርሳል። በ30 ቀን የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናሉ። ስለዚህ ከባለ አንድ ፍጥነት ይልቅ ባለ ሁለት ፍጥነት፣ ወይም ፍጥነቱ እንደ አስፈላጊነቱ የሚለዋወጥ ፓምፕ መምረጥ ይጠቅማል። የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ገዥው የዋጋውን ልዩነት በወር በሚድነው ገንዘብ ቢያካፍለው፣ ትርፉ በስንት ወር እንደሚመለስ ያውቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቧንቧው ነው። ውኃ በጠባብ ቧንቧ ሲገፋ ከግድግዳው ጋር እየታገለ ስለሚያልፍ ኃይል ያባክናል። ባለ 32 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ ባለ 38 በሆነው ቢተካ፣ ለተመሳሳይ የውኃ መጠን የሚባክነው ግፊት ከግማሽ በታች ይሆናል። አጭር፣ ሰፊና ጥምዝ ያልበዛበት ቧንቧ አነስተኛ ሞተርን በቂ ያደርገዋል። ማጣሪያውም ቆሻሻ ሲሞላው መንገዱን ስለሚዘጋ በወቅቱ መጽዳት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጉዳይ የፓምፑ ቦታ ነው። በመሬት ውስጥ የተቆፈረ ገንዳ ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ከውኃው ወለል በላይ ስለሚቀመጥ ውኃውን ወደ ላይ መምጠጥ አለበት። መምጠጥ የሚቻለው ደግሞ በአየር ግፊት ኃይል ነው። በባሕር ጠረፍ በምትገኘው በሞምባሳ የአየር ግፊት ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል ሊያቆም ይችላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው በናይሮቢ ግን ከ8.5 ሜትር አያልፍም፤ በተግባርም ከዚህ ያንሳል። አዲስ አበባ ከናይሮቢ ይልቅ ከፍ ስለምትል መጠኑ እንደገና ይቀንሳል። ከመሬት በላይ ለቆመ ገንዳ ግን ፓምፑ ከውኃው ወለል በታች በመሬት ላይ ስለሚቀመጥ ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ስለዚህ ውኃ ከጥልቅ ለመምጠጥ የተሠራ ውድ ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም።

አራተኛ፣ በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሳይነበብ ገንዘብ መከፈል የለበትም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ፓምፖች ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ የኬንያ ቤቶች መስመር ግን 240 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በተጨማሪም ሞተሮች በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ በቀላሉ አይቀዘቅዙም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበታቸው ማስጨነቅ አይገባም። ውኃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ የመሬት ሽቦና ኃይል ሲያፈተልክ በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የግድ ያስፈልጋሉ። እነዚህ የሰውን ሕይወት የሚጠብቁ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ ቍጠባ አይደረግም።

ይህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ኬንያ ኤሌክትሪኳን በብዛት የምታገኘው በኦልካሪያ ከሚገኘው የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ በታና ወንዝ ላይ ከተሠሩ ግድቦችና ከነፋስ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ግድቦቹ ይጎድላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከተሞቿ ኤሌክትሪክን በፈረቃ ለመጠቀም ተገደው ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች። ኃይሉ የሚተላለፈው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በናይሮቢ አቅራቢያ እስከምትገኘው እስከ ሱስዋ በተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ነው። እንግዲያውስ በናይሮቢ ግቢ ውስጥ ያለ ፓምፕ ያለ ሥራ ሲሽከረከር የሚባክነው ኃይል በከፊል ከኢትዮጵያ ወንዞች የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለ ውኃውም እናስብ። በኪቤራ መንደር የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ውኃ የሚገዙት 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ነው። ከላይ የጠቀስነው ገንዳ 1,000 ጀሪካን ይይዛል። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢተን 66 ሊትር፣ ማለትም ከሦስት ጀሪካን በላይ፣ በየዕለቱ ይጠፋል። ስለዚህ ገንዳ ያለው ሰው በማይዋኝበት ሰዓት ገንዳውን መክደን፣ ውኃውን በደንብ እያጣራ ዓመት እስከ ዓመት ሳይደፋ መጠቀም ይጠበቅበታል። ተስማሚ ፓምፕ መምረጥም የዚሁ ኃላፊነት አንድ ክፍል ነው።

የቃላት ፍች

ተቆረቆረ — ከተማ ሆኖ ተመሠረተ
በፈረቃ — በተራ፣ ጊዜ ተከፍሎ
ተለበጠ — ውስጡ ወይም ላዩ ተሸፈነ
ጥምዝ — ጠመዝማዛ፣ ቀጥ ያላለ
አፈተለከ — ሾልኮ ወጣ
ከርሰ ምድር — የመሬት ውስጠኛ ክፍል

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. የናይሮቢ ስምና የከተማዋ የውኃ ሁኔታ የሚቃረኑት እንዴት ነው?
2. ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ፓምፕ ረዘም ላለ ጊዜ እየሠራ ኃይል የሚቆጥበው ለምንድን ነው?
3. ከመሬት በላይ ለቆመ ገንዳ ጠንካራ የመምጠጥ ኃይል ያለው ፓምፕ የማያስፈልገው ለምንድን ነው?
4. ጸሐፊው ቍጠባ ሊደረግበት አይገባም ያለው በምን ላይ ነው? ምክንያቱስ?

ለ. 30 ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ገንዳና በሰዓት 6 ሜትር ኩብ የሚገፋ፣ 300 ዋት የሚወስድ ፓምፕ አለ። ውኃው በሙሉ አንድ ጊዜ እንዲያልፍ ስንት ሰዓትና ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል? ያገኛችሁትን መልስ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

ሐ. በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አውጡ፤ እያንዳንዱ ከየትኛው ሐሳብ ጋር እንደተያያዘ ግለጹ።

መ. «ውኃ በሚያጥርባት ከተማ ውስጥ የግል መዋኛ ገንዳ መኖር ተገቢ ነውን?» በሚል ርእስ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆናችሁ ተከራከሩ፤ ከክርክሩም በኋላ የራሳችሁን አቋም በሁለት አንቀጽ ጻፉ።