ውሻችሁ ከበረዶ ሲመለስ እግሩን እጠቡለት

ሚኒሶታና ቶሮንቶ ላላችሁ፣ ውሻ ለምታሳድጉ።

ብዙ ሰው ለውሻው የሚፈራለት ብርዱን ነው። ብርዱም ይጎዳል፤ ከተማ ውስጥ ግን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው አትርሱ። የውስጥ እግሩን ቆዳ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ዓይነትማ ውሃ ሲነካው ራሱ ይሞቃል። ታዲያ ውሻው ሲያቃጥለው ምን ያደርጋል? ይልሰዋል! ጨዉ ሆዱ ገባ ማለት ነው፤ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ስትመለሱ ለብ ባለ ውሃ (በሙቅ አይደለም!) እጠቡና የጣቶቹን መሃል ሳይቀር አድርቁ። ፀጉሩ ላይ የተጋገረ በረዶ ካለ አትጎትቱት፣ በለብታው ይቅለጥ። የውሻ ጫማ ከለመደላችሁማ ተገላገላችሁ (የመጀመሪያ ቀን አረማመዱ ያስቃችኋል)።

ከመኪና የሚፈሰው አንቲፍሪዝ ግን ቀልድ አይደለም። ስለሚጣፍጥ ይልሱታል፤ ትንሹ እንኳ ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል። መላሱን ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ማርከሻው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።