በፋሮኛ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?

ሰዋስው ስንማር «ባለቤት አድራጊው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩንም የሚጀምረው እሱ ነው» ተብለናል። ይህ ለጀማሪ ይበቃል፤ ለሁሉም ቋንቋ ግን አይበቃም። ምክንያቱን ከፋሮኛ እንማር።

ፋሮኛ የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛና የአይስላንድኛ ዘመድ ነው። የሚነገረው በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በስኮትላንድ መካከል ባሉ 18 ደሴቶች ነው። የደሴቶቹ ሕዝብ ከ50 ሺህ ጥቂት ይበልጣል፤ በዴንማርክ መንግሥት ሥር ሆኖም ራሱን ያስተዳድራል። ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያኑም የትምህርት ቤቱም ቋንቋ ዴንማርክኛ ነበር። ለዛሬው የፋሮኛ አጻጻፍ መሠረት የጣለው ሐመርስሃይምብ የተባለ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1846 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ደግሞ ፋሮኛን የደሴቶቹ ዋና ቋንቋ አደረገው።

የዚህን ቋንቋ ባለቤት ለመለየት ሦስት ነገሮችን በተራ እንመርምር፤ ሥፍራን፣ መልክንና ባሕርይን።

አንደኛ፣ ሥፍራ። በተራ ንግግር የፋሮኛ ግሥ ሁለተኛውን ሥፍራ ይይዛል፤ አንደኛው ሥፍራ ግን ለባለቤት ብቻ የተያዘ አይደለም። ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ቃላት እናሳየው። «ዮሐንስ ገዛ መጽሐፉን ዛሬ» ይላሉ። ጊዜውን ሲያስቀድሙ «ዛሬ ገዛ ዮሐንስ መጽሐፉን»፣ ተሳቢውን ሲያስቀድሙ «መጽሐፉን ገዛ ዮሐንስ ዛሬ» ይሆናል። ግሡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ባለቤቱ ግን መጀመሪያውን ለሌላ ሲለቅ ወዲያው ከግሡ ቀጥሎ ተቀመጠ። ስለዚህ ቀድሞ የመጣ ሁሉ ባለቤት አይደለም።

ሁለተኛ፣ መልክ። ስም እንደ አገልግሎቱ መልኩን ይለውጣል፤ ይህን ሙያ እንለዋለን። የፋሮኛ ተናጋሪ ራሱን ሲጠራ በባለቤት ሙያ «ኤ»፣ በተሳቢ ሙያ «ሜ»፣ በተቀባይ ሙያ ማለትም «ለእኔ» ለማለት «ሜአር» ይላል። እንግዲያው ባለቤቱን በመልኩ እንለየው? «ዓሣ እወዳለሁ» ለማለት «ሜአር ዶአማር ፊስክ» ይባላል። ቃሉን በቃል ብንፈታው «ለእኔ ይጥማል ዓሣን» ነው። ወዳጁ የተቀባይን መልክ ይዞ መጣ። ታዲያ ባለቤቱ ዓሣው ነው እንዳንል፣ ዓሣው በባለቤት ሙያ ቢሆን ኖሮ «ፊስኩር» በተባለ ነበር፤ «ፊስክ» የተሳቢ መልክ ነው። ወዳጆቹ ብዙ ቢሆኑም ግሡ ያው «ዶአማር» ነው፤ ለብዙ ቁጥር አይለወጥም። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። እኛም «ራበኝ»፣ «በረደኝ» ስንል ስሜቱ የደረሰበትን ሰው በተሳቢ ምዕላድ ከግሡ ጫፍ እናስገባዋለን።

ሦስተኛ፣ ባሕርይ። እዚህ ላይ አንድ ተማሪ፣ «‹ሜአር› ወደ ፊት የተሳበ ተቀባይ ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በፈተና ይገኛል። «ዛሬ» የሚለውን ቃል እናስቀድም። የሚገኘው «ዛሬ ዶአማር ሜአር ፊስክ» ነው። «ሜአር» ቀደም ሲል ዮሐንስ የተቀመጠበትን፣ ከግሡ ቀጥሎ ያለውን የባለቤት ሥፍራ ያዘ። ሁለተኛው ፈተና «የራሱ፣ የራሷ» በሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በተለምዶ የሚያመለክተው ባለቤቱን ነው። በፋሮኛ «ለእሷ ይጥማል ወንድሟን» ሲሉ የራሷን ወንድም በዚሁ ቃል መጥራት ይቻላል፤ ቃሉም ወደ እሷ ይመለሳል። በሥፍራም፣ «የራሱ» የሚለው ቃል ወደ እሱ በመመለሱም፣ የባለቤትን ሥራ የሚሠራ ባለቤት ነው፤ መልኩ ምንም ቢሆን።

ይህ ሥርዓት ግን እየተለወጠ ነው። «ሕልም አየሁ» ለማለት ጥንት በተሳቢ ሙያ «ሜ ድሮይምዲ» ይባል ነበር፤ አሁን «ኤ ድሮይምዲ» በርክቷል። ባለቤትን በተሳቢ ሙያ የሚፈልጉ ግሦች ጥቂት ናቸው፤ ልጅም እያንዳንዱን ለብቻው ሰምቶ መያዝ አለበት። ሰምቶ ካልያዘው ወደ ተለመደው የባለቤት ሙያ ያዘነብላል። «ዶአማር» ግን በየዕለቱ ስለሚሰማ የተቀባይ ሙያውን አጥብቆ ይዟል።

ትምህርቱን እንጠቅልለው። ሥፍራ ይቀያየራል፣ መልክም ያሳስታል፤ ባለቤትን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚያሳውቀው ባሕርዩ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የማታውቀውን ቋንቋ ባለቤት ስትፈልግ «ማን ቀደመ?» ወይም «ምን ለበሰ?» ብለህ አትቁም፤ «የባለቤቱን ሥራ የሚሠራው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ።