ጓጓ፣ ቼ፣ አሴሬ፤ እንግዳ ሰው የእስፓኝኛን የአራዳ ቃላት እንዴት ይማር?

አንድ ሰው የውጭ አገር ቋንቋ ከመጽሐፍ ተምሮ፣ ሰዋስውን አጥንቶ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ካለፈ በኋላ የቋንቋው ባለቤቶች አገር ሲገባ ግማሹ ንግግር ያመልጠዋል። ይህ የሚሆነው ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መጽሐፉ የሚያስተምረው የትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነው። በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በገበያና በኳስ ሜዳ የሚነገረው ግን ሌላ ነው። እኛ «የአራዳ ቋንቋ» የምንለው ዓይነት ንግግር በየአገሩ አለ። ቋንቋ ለማስተማር የምንሰለጥን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ቢጠና ይጠቅመናል በማለት እስፓኝኛን ምሳሌ አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

እስፓኝኛ ለዚህ ጥናት የተመቸ ቋንቋ ነው። በ20 ነጻ አገሮች የመንግሥት ሥራ ይሠራበታል፤ ከእነዚህም አንዷ በአህጉራችን የምትገኘው ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። በአፍ መፍቻነት የሚናገረው ሕዝብ ከ400 ሚሊዮን ይበልጣል። የማድሪዱ የእስፓኝኛ አካዳሚ ከተቋቋመ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል (እ.ኤ.አ. በ1713 ነው የተመሠረተው)። ሰዋስውና አጻጻፍ በየአገሩ ከሞላ ጎደል አንድ በመሆኑ የሜክሲኮን ጋዜጣ አርጀንቲናዊ ያለችግር ያነበዋል። አፍ ሲከፈት ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

አውቶቡስን እንውሰድ። በስፔን «አውቶቡስ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ችግር የለም። በኩባ፣ በፖርቶ ሪኮ፣ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ እንዲሁም የስፔን ግዛት በሆኑት በካናሪ ደሴቶች ግን ስሙ «ጓጓ» ነው። (ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ የሚረሳ አይደለም። ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ምን ያደርጋል? ይጓጓል!) ያው እንግዳ ከኩባ ተነሥቶ ቺሌ ቢገባና «ጓጓው ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ ይገረማል። በቺሌ «ጓጓ» ማለት ሕፃን ልጅ ነውና። ይህኛው ቃል የመጣው የአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝቦች ከሚናገሩት ከኬችዋ ቋንቋ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ አውቶቡስን «ካሚዮን» ትለዋለች። እኛ ካሚዮን የምንለው የጭነት መኪናውን ስለሆነ፣ በካሚዮን ሂድ የተባለ የአገራችን ሰው ከጆንያ ጋር የሚጫን ሊመስለው ይችላል። በአርጀንቲና «ኮሌክቲቮ» ነው፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ «ቦንዲ» ይሉታል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። «ጓጓ» በኩባ የአራዳ ቃል አይደለም። አያትም፣ ሐኪምም፣ መምህርም ይናገሩታል። የአገሩ ቃል ነው እንጂ የሰፈር ቃል አይደለም። «ቦንዲ» ግን የሰፈር ነው። እንግዳ ሰው የሚቸገረው እነዚህን ሁለቱን ስለሚደባልቃቸው ይመስለኛል። የአገሩን ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢናገረው ማንም አይስቅበትም፤ እንዲያውም ካልተናገረ አይግባባም። የሰፈሩን ቃል ግን መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ መረዳት፣ መናገሩን ደግሞ ማቆየት ነው ያለበት። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የገንዘብ ስም ደስ የሚል ነው። በደቡብ አሜሪካ ብዙ አገሮች ገንዘብ «ፕላታ» ይባላል፤ ትርጉሙ ብር ነው፣ ያ ጌጥ የሚሠራበት ማዕድን። እኛስ ገንዘቡንም ማዕድኑንም ብር አይደል የምንለው? ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ሜክሲኮ ውስጥ በሰፈር ቋንቋ «ላና» ይሉታል፣ ሱፍ ማለት ነው። በስፔን ደግሞ «ፓስታ» ነው። የእኛ አራዶች «ጨላ» የሚሉትን ግን ሜክሲኮ ሄዶ መናገር ሌላ ነገር ያመጣል፤ «ቼላ» እዚያ ቢራ ነውና ገንዘብ የጠየቀው ሰው ጠርሙስ ይቀርብለታል።

ለሥራም እንዲሁ ብዙ ስም አለ። ኩባ «ፒንቻ»፣ ሜክሲኮና ፔሩ «ቻምባ»፣ ቺሌ «ፔጋ»፣ ስፔን «ኩሮ» ይላሉ። ከሁሉ የገረመኝ የኮሎምቢያው ነው፤ «ካሜዮ» ይሉታል፣ ግመል ማለት ነው። ሥራ ሸክም መሆኑን የሚክድ ስለሌለ አባባሉ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ይኸውም ሰውን መጥራት ነው። በስፔን ወጣቶች እርስ በርስ «ቲዮ» ይባባላሉ። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው «አጎት» የሚል ትርጉም ያገኛል። ታዲያ የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ጋሼ እንደ ማለት አድርጎ ቢወስደውና በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው አክብሮ «ቲዮ» ቢለው ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። ጋሼ ታናሽ ለታላቅ የሚሰጠው ማዕረግ ሲሆን፣ ወጣቶቹ «ቲዮ» የሚሉት ግን እኩያ ለእኩያ ነው። በሜክሲኮ ያለው «ዌይ» ከዚህ ይብሳል። የመጣው በሬ ከሚል ቃል ነው። ድሮ ስድብ ነበር፣ አሁንም በቁጣ ከተነገረ ስድብ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ይባባሉታል፤ ማንም አይቀየምም። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለየው ማን ለማን፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደ ተናገረው ነው።

ኩባዎች «አሴሬ» ይላሉ፤ «አሴሬ፣ ኬ ቦላ?» ማለት «ጀለስ፣ እንዴት ነው?» እንደ ማለት ነው። እስቲ ከመካከላችን ለተቋማችን ዲሬክተር «ጀለስ» የሚል ማን አለ? «አሴሬ»ም እንደዚያው ነው። ለጓደኛ እንጂ ለአስተማሪ፣ ለሽማግሌ ወይም ለፖሊስ አይባልም። በኮሎምቢያ ደግሞ የሜዴሊን ወጣቶች «ፓርሴ» ይላሉ።

አርጀንቲናዎች ሰውን ሲጠሩ «ቼ» ይላሉ፤ ስማ፣ አንተ እንደ ማለት ነው። (እኛ ቼ የምንለው ፈረስ ስንነዳ ነው፤ ግድ የለም።) በሮዛርዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደው ኤርኔስቶ ጌቫራ በ1950ዎቹ አጋማሽ በጓቲማላና በሜክሲኮ ከኩባ ስደተኞች ጋር ሲገናኝ ይህችን ቃል ከአፉ አይለይም ነበር። ለአርጀንቲናዊ ተራ የሆነችው ቃል ለኩባዎቹ ጆሮ እንግዳ ስለሆነች መጠሪያው አድርገዋት ቀረች። በኋላ የኩባ ብሔራዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኖ የገንዘብ ኖቶች ላይ የፈረመውም «ቼ» ብሎ ነው። የሰፈር ቃል ሰውን ከየት እንደ መጣ ወዲያውኑ ታሳብቃለች ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ስለ ነውር ቃላትም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ እንግዳን የሚያሳፍሩት እነሱ ናቸውና። «ኮኼር» የሚለው ግስ በስፔንና በኩባ መያዝ፣ መውሰድ ማለት ነው፤ አውቶቡስ መያዝም በዚሁ ግስ ይነገራል። በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን በሰው ፊት የማይነገር፣ የመኝታ ቤት ቃል ነው። እዚያ «ቶማር» ማለት ይሻላል። ፓፓያም አለ። በሃቫና ገበያ የእኛን ፓፓያ በዚህ ስሙ መጠየቅ ያስቃል ወይም ያስቀይማል፤ ቃሉ በሰፈር ቋንቋ የሴት ኀፍረተ ሥጋ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ ፍሬውን «ፍሩታ ቦምባ» ይሉታል። እንዲህ ያለውን ማንም መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ አያስተምርም።

አንዳንድ ሰዎች ታዲያ እንግዳ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ በትምህርት ቤት ቋንቋ ብቻ ቢኖር ምን ይጎድለዋል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በስፔን አንድ ሰው «ኮንስቲፓዶ ነኝ» ቢል ጉንፋን ይዞኛል ማለቱ ነው። በብዙዎቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች ግን ሆዴ ደርቋል ማለት ነው። ይህ እንግዲህ የአራዳ ቃል እንኳ አይደለም። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ቢሆንና የአገሩን አነጋገር ባያውቅ ለየትኛው ሕመም መድኃኒት ሊያዝ ነው? መስማት የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች ወደ ኩባ ሄደው ተምረዋል። አብዛኞቹ የነበሩት በ1978 «ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ»፣ ማለትም የወጣቶች ደሴት ተብላ በተሰየመችው ደሴት ነው። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ወጣቶችም እዚያ ይማሩ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በክፍል ውስጥ መምህሩ ቃሉን አጥርቶ «ኮሞ ኤስታስ?» ይላል። ከክፍል ሲወጡ ግን የኩባ ሰው «ስ»ን ይውጣታል፤ «ኮሞ ኤህታ?» ነው የሚሰማው። በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈችው ፊደል በሰዎች አፍ ውስጥ የለችም። እንዲህ ባለ አገር የሚማር ሰው ሁለት እስፓኝኛ ነው የሚማረው፣ አንዱን በዓይኑ፣ ሌላውን በጆሮው።

የሰፈር ቋንቋ የቋንቋ ብልሽት ነው የሚል አስተያየት በእኛም ዘንድ ይሰማል። የቃላቱን ምንጭ ያየ ሰው ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል። «አሴሬ» ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች ንግግር የመጣ ነው ይባላል። የስፔኑ «ኩሮ» ካሎ ከሚባለው የጂፕሲዎች አነጋገር የተገኘ ነው። በቡዌኖስ አይሬስ «ሉንፋርዶ» የሚሉት የሰፈር ቋንቋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአውሮፓ በተለይም ከኢጣሊያ የገቡ ስደተኞች ካመጡት ቃል ጋር አድጓል፤ ሥራን «ላቡሮ» የሚሉት ከኢጣሊያንኛው «ላቮሮ» ነው። ቃሉን ገልብጦ መናገርም ያውቁበታል፤ «ታንጎ»ን «ጎታን»፣ «አሚጎ»ን «ጎሚያ» ይሉታል። ልጆች ሆነን በወፍ ቋንቋ ስንነጋገር ትልልቅ ሰዎች እንዳይሰሙን እንደምናደርገው መሆኑ ነው። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1962 የራሱ አካዳሚ ተቋቁሞለታል። እኛ የአራዳን ቃል ከተማሪ አፍ ስንሰማ በቁንጥጫ ከምንመልስ የት እንደሚነገርና የት እንደማይነገር ብናስረዳው የተሻለ ይመስለኛል።

እንግዲህ አማማሩ እንዴት ይሁን? በእኔ አስተያየት ቃሉን ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ሰምቶ መጠቀም አይበጅም፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሲናገሩት መስማት ያሻል፣ ያውም በዕድሜ የተለያዩ። የሰፈር ቃል ያረጃልና የጎልማሳ ቃል ከጎረምሳ ጋር መናገር እንግዳውን ያስቃል። ፋራ ላለመባል ብሎ ቃሉን የሚያበዛ ሰው ከሁሉ የባሰ ፋራ ይሆናል። ፊልምና ዘፈን ለጆሮ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን የፊልም ሽፍታ የሚናገረውን ዳቦ ቤት ሄዶ መድገም አይደለም። ትርጉም ሲጠይቁም «ምን ማለት ነው?» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። «ለእናትህ ትለዋለህ?» ብሎ መጨመር ነው። መልስ ሰጪው ከሳቀ ቃሉ የት እንደሚውል ታወቀ።

ቃሉ ጨዋ ሆኖ አጠቃቀሙ የሚያስቸግርም አለ። ሜክሲኮዎች «አኦሪታ» ይላሉ፤ በመዝገበ ቃላት አሁኑኑ ማለት ነው። ሰውየው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። «መጣሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው ባለበት አገር ያደግን ስለሆንን ይህን ለመረዳት ብዙም አንቸገርም።

ደብተር መያዝም ይረዳል። ቃሉንና ትርጉሙን ብቻ የሚጽፉ አሉ፤ ይህ አይበቃም። አገሩ፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ በመጨረሻም እኔ መቼ ልበለው የሚሉ ዓምዶች ሊኖሩት ይገባል። ለናሙና ያህል፦

«ጓጓ»፤ ኩባ፤ አውቶቡስ፤ ሁሉም ለሁሉም፤ እኔ፦ ከዛሬ ጀምሮ።

«ጓጓ»፤ ቺሌ፤ ሕፃን፤ ሁሉም ለሁሉም፤ እኔ፦ ከዛሬ ጀምሮ፣ ፌርማታ ላይ ግን አይሆንም።

«ዌይ»፤ ሜክሲኮ፤ አንተዬ፤ ጓደኛ ለጓደኛ፤ እኔ፦ መጀመሪያ እነሱ እኔን ሲሉኝ።

«ኮኼር»፤ ስፔን፤ መያዝ፤ ሁሉም ለሁሉም፤ እኔ፦ እዚያው ስፔን ውስጥ። አውሮፕላኑ ሜክሲኮ ሲያርፍ ይሰረዝ።